«አትፍራ» አትበሉት

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ይሄን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው፤ ስሙንና የሚሠራበትን ቦታ ግን አልነግራችሁም። ልጁ ሕንፃ ላይ ቀለም መቀባት ጀምሯል። ምድር ላይና አንደኛ ፎቅ ላይ ምንም አይለውም። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፣ መዳፉን ያልበዋል፣ ዓይኑ ሳያዘው ቁልቁል ይሄዳል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። ካቦው «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ? ሁለት ሳምንት ቻለው፣ ትለምደዋለህ» ብሎታል። ሌላው ደግሞ ጠዋት ከመውጣትህ በፊት አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ቅመስበት ብሎ መክሮታል። የልጁ ጥያቄ አጭር ነበረች፦ «ቲቸር፣ ፍርሃትን እንዴት ነው የማሸንፈው?»

እኔም መልሼ ጠየቅኩት። «ስትወጣ በምን ትታሰራለህ?»

«በምንም» አለኝ።

ለእሱ የመለስኩለትን ለብቻው ብቻ ማስቀረት አልፈለግኩም። ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም። ታወር ላይ የምትወጡ፣ ሞተር የምትነዱ፣ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ጓደኞቻችሁ «ግባ እንጂ፣ ምን ትፈራለህ!» የሚሏችሁ ሁላችሁም ውስጥ አለ። ስፖርት ሜዳ ላይ የምታውቁኝ ታስታውሳላችሁ፤ «አትፍራ» የምትል ቃል ከአፌ አትወጣም ነበር። ለምን እንደማትወጣ ዛሬ ላስረዳ።

መቼም ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ነው። «ደፋር» ስንል አንዳንዴ ማሞገሳችን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ዓይን አውጣ ማለታችን ነው። «ፈሪ» ስድብ ነው፤ «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው» ግን ትልቅ ምስጋና። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለውን አባባል ደግሞ ሁላችንም በንቀት ነው የምንናገረው፤ ፈሪ ለእናቱ ይተርፋል፣ ለሌላ ለማንም አይሆንም እንደማለት። እኔ ይቺን አባባል በሰማሁ ቁጥር የማስበው እናትየዋን ነው። እሷን ማን ጠየቃት?

ወደ ነገሩ ልግባ። ፍርሃት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በክፍል ውስጥ የተማራችሁትን ትንሽ ላስታውሳችሁ። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል፣ በለውዝ ፍሬ ቅርጽ የተሠራ ትንሽ ክፍል አለ። አደጋ የሚመስል ነገር ሲያይ እኛ አስበን ሳንጨርስ ደወሉን ይደውላል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደም ወደ ትላልቆቹ ጡንቻዎች ይጎርፋል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይሄ ግሩም ዝግጅት ነው። አንድ ጣውላ ላይ ቆሞ በቀጭን ብሩሽ መስኮት ዳር ለመቀባት ግን አይሆንም። ጣቶች ረቂቅ ሥራ እምቢ ይላሉ፣ የእይታ ስፋት ይጠባል፣ እግር ይንቀጠቀጣል። ዐለት የሚወጡ ስፖርተኞች ለዚህ መንቀጥቀጥ ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ የልብስ ስፌት መኪና እግር ይሉታል። መርፌዋ ወደ ላይ ወደ ታች እንደምትለው ማለት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ገደል ሲወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው ይሄን ስም የሚጠቀሙት፤ ስለዚህ እግርህ ሲንቀጠቀጥ ከፈሪዎች ማህበር አልተመዘገብክም።

አሁን ይሄ ደወል ለሁለት ዓይነት ነገር ይደውላል። የግቢ ውሻን አስቡ። ለሌባም ይጮሃል፣ ለእንግዳም ይጮሃል። ጮኸ ተብሎ ውሻ አይገደልም፣ ጮኸ ተብሎም በር ተቆልፎ አይታደርም። ወጥቶ ማየት ነው። ሌባ ከሆነ ውሻው ልክ ነው። እንግዳ ከሆነ ውሻውን ማረጋጋት ነው።

የተማሪዬ ውሻ የጮኸው ለሌባ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ፊዚክስ የምትወዱ ታርሙኛላችሁ። አራተኛ ፎቅ 12 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ከዚያ የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት አንድ ሰከንድ ተኩል አካባቢ ነው። ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህንን የሰው ልጅ አካል ቀመር ሳይማር ያውቀዋል። ታዲያ ልጁ ያለ ምንም ማሰሪያ በባሕር ዛፍ እርብራብ ላይ ቆሞ ጉልበቱ ቢንቀጠቀጥ ምኑ ነው የሚታከመው?

«ትለምደዋለህ» የሚለው ምክር ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ እውነት ስለሆነ ነው። አዎ፣ ይለምደዋል። አንጎል ተደጋግሞ ያየውን ነገር፣ ምንም እስካልደረሰበት ድረስ፣ ማስጠንቀቁን ይተዋል። በሁለት ሳምንት እግሩ መንቀጥቀጡን ያቆማል፣ በወሩ እየዘፈነ ይወጣል፣ በዓመቱ ሌላውን አዲስ ልጅ «ፈሪ» እያለ ይስቅበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን እንጨቱ ያው እንጨት ነው። ሚስማሩም ያው ነው፣ ከፍታውም ያው 12 ሜትር። ደወሉ ተዘጋ እንጂ ሌባው አልሄደም። ከሕንፃ የሚወድቁት ጀማሪዎች ብቻ የማይሆኑትም ለዚህ ነው፤ ለዓመታት የሠሩ፣ እጃቸው የበሰለ ሰዎችም ይወድቃሉ።

የአረቄውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አልኮል ፍርሃትን ያደነዝዛል፣ ልክ ነው። አብሮ የሚያደነዝዘው ግን ሚዛናችንን የሚጠብቀውን የአንጎል ክፍልና የውስጥ ጆሮን ነው። ከመውደቅ የሚጠብቅህን አስክረህ መውደቅን የሚያስጠነቅቅህንም አስክረህ ከፍታ ላይ መውጣት... ኧረ ተዉት።

እዚህ ላይ «ፍርሃት ካለ አደጋ አለ፣ ፍርሃት ከሌለ ሰላም ነው» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ውሻ የማይጮህለት ሌባም አለ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ በአረርቲ ማርያም የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ምእመናን በግንባታ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእንጨት እርብራብ ላይ እያሉ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ። ነፍሳቸውን ይማር። እነዚያ ሰዎች ድፍረት ሊያሳዩ አልወጡም፣ በዓል ሊያከብሩ ነው የመጡት። እንጨት ሊሰበር ሲል ለሰው ልብ አይነግርም። ስለዚህ ከፍታ ባለበት ቦታ ሁሉ የልብ ስሜት ብቻ አይበቃም፤ የሚያውቅ ሰው በእጁ ነቅንቆ፣ በዓይኑ መርምሮ «ይችላል» ማለት አለበት።

አሁን ደግሞ ከእናንተው መካከል አንዱ «ቲቸር፣ ያ ያለ ገመድ ገደል የወጣው ፈረንጅስ?» ሊለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቪዲዮውን ስንቴ ልካችሁልኛል! አሌክስ ሆኖልድን ማለታችሁ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2017 አሜሪካ ዮሰሚቴ ውስጥ ኤል ካፒታን የሚባለውን ከ900 ሜትር በላይ የሆነ ቀጥ ያለ ዐለት ያለ ምንም ገመድ በ3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ወጣው። «ፍሪ ሶሎ» የሚለው ዘጋቢ ፊልም የተሠራው በዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር አግኝቷል። ቪዲዮውን የምትቆርጡት ሰዎች ሁሌ የምታስቀሩት ክፍል አለ። ሰውዬው ያንን መንገድ ብቻውን ከመውጣቱ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ በገመድ ታስሮ እየደጋገመ ሠርቶታል። አስቸጋሪዎቹ ቦታዎች ላይ እጁ የት፣ እግሩ የት እንደሚያርፍ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ነው የሚያውቀው። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያለ ገመድ ጀምሮት ነበር። ትንሽ እንደወጣ አልተመቸውም፤ ተመለሰ። ካሜራ ተተክሎ፣ የፊልም ሠራተኞች ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው እየጠበቁት ተመለሰ። እኔ ፊልሙ ውስጥ ከሁሉም የምወደው ያቺን ቦታ ነው። የእኛ ካቦ እዚያ ቢኖር ምን ይለው ነበር?

ተመራማሪዎች የሆኖልድን አንጎል በኤም አር አይ አይተውታል። ሌላውን ሰው የሚያስደነግጥ ሥዕል ሲያሳዩት አሚግዳላው እምብዛም አልተነቃነቀም። እንደዚህ ሆኖ ተፈጥሮ ይሁን፣ ከብዙ ዓመት ልምምድ የመጣ ይሁን ከአንድ ምርመራ አይለይም። ለእኛ ግን ትርጉሙ ቀላል ነው፦ የእሱ አንጎል የለህም፣ የእሱ የአንድ ዓመት ልምምድም የለህም፤ ስለዚህ የእሱን አወጣጥ አትቅዳ። (እሱም ቢሆን አንድ ቀን እጁ ቢንሸራተት ድፍረቱ አይይዘውም።)

ሩቅ ሳንሄድ ደብረ ዳሞን እንይ። አቡነ አረጋዊ ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸው እንሰማለን፤ ሥዕሉን በየቤተ ክርስቲያኑ አይተነዋል። ወደ ገዳሙ ለመውጣት 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል ከቆዳ በተገመደ ገመድ ይዞ መሳብ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። የሄዳችሁ ወንዶች ታውቁታላችሁ፤ ሴቶች አይገቡም። እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚያ መነኮሳት ጻድቁን ዘንዶ እንዳወጣቸው ያለ ጥርጥር ያምናሉ። አንተን ግን ሌላ ሁለተኛ ገመድ ወገብህ ላይ አስረው ከላይ ሆነው ይስቡሃል። «እምነት ካለህ ያለ ገመድ ና» ያለ መነኩሴ አላየሁም። ከእነሱ የበለጠ እምነት ያለው ካቦ ካለ ያሳዩኝ።

ገርዓልታ ውስጥ ያለው አቡነ የማታ ጉሕ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። እዚያ ሴቱም ወንዱም ይወጣል፤ ለክርስትና የሚወሰዱ ሕፃናት ሁሉ በእናታቸው ጀርባ ይወጣሉ። ጫማ ይወለቃል። ዐለቱ ላይ በዘመናት ብዛት የተቦረቦሩ የእጅና የእግር መያዣዎች አሉ፤ መጨረሻ ላይ ከጎንህ ገደሉ ገደል ነው። እኔ ስወጣ የአካባቢው ልጅ ከታቼ ሆኖ አንድም ጊዜ «አትፍራ» አላለኝም። «ግራ እግርህን እዚህ። አሁን ቀኝ እጅህን ከፍ አድርግ፣ ቀዳዳ አለ፣ አገኘኸው? በል ተነስ» ነበር የሚለው። ልቤ ደረቴን ይደበድባል፤ ግን ሥራ ተሰጥቶታል። 200 ሜትር ገደል ማሰብ ሰው አይችልም፤ አንድ ቀዳዳ ማሰብ ግን ይችላል። እዚያ ልጅ ላይ ያየሁትን የማስተማር ችሎታ ኮሌጅ ውስጥ ብዙም አላየሁትም።

ይሄ ወደ ሁለተኛው የፍርሃት ዓይነት ያመጣኛል። ለእንግዳ የሚጮኸው ውሻ። ገመዱ ታስሯል፣ እርብራቡ ተመርምሯል፣ ውኃው ወገብ ድረስ ብቻ ነው፣ ግን ሰውነት አሁንም ይንቀጠቀጣል። ይሄኛው መሸነፍ አለበት፤ ምክንያቱም ካልተሸነፈ ራሱ አደጋ ይሆናል። ዋና ስትማሩ ያያችሁት ነው። አብዛኛው ሰው ሳንባውን አየር ሞልቶ ሰውነቱን ዘርግቶ ከተኛ ይንሳፈፋል። የፈራ ሰው ግን ጭንቅላቱን ከውኃው በላይ ለማውጣት ይታገላል። ጭንቅላቱ ከፍ ሲል እግሩ ይሰጥማል። እግሩ ሲሰጥም የበለጠ ይፈራል። ዐለትም ላይ እንደዚሁ ነው። ጋደል ባለ ዐለት ላይ የፈራ ሰው በደረቱ ዐለቱን ያቅፋል፤ ሲያቅፍ ክብደቱ ከእግሩ ላይ ይነሳና እግሩ ይንሸራተታል። ቀና ብሎ የቆመው ነው የሚጸናው። ብስክሌት የምትነዱም ታውቁታላችሁ፤ ጉድጓዱን ፈርታችሁ አፍጥጣችሁ ካያችሁት ጉድጓዱ ውስጥ ትገባላችሁ።

ታዲያ እንዴት ነው የሚሸነፈው? እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ኮቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ትንሽ ልጅ ነበራት። የምትወስደው እርምጃ የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ክፍሉ ጥግ ላይ፣ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች። ሌላ ቀን ትንሽ ቀረብ። ሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ ቀረብ። በስተመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ ዳሰሳት። ዛሬ ፍርሃትን የሚያክሙ ባለሙያዎች የሚሠሩት ሥራ ሥሩ ሲቆፈር እዚህ ነው የሚገኘው። ጥንቸሏን ልጁ ላይ አልወረወረችበትም። ከክፍሉም አላስወጣቻትም።

እኛ ጋ ግን መወርወር ባህል ነው። «ውኃ ውስጥ ወርውረው፣ ራሱ ይማራል።» አንዳንዱ በእርግጥ ተምሮ ይወጣል፤ እሱ ነው በኋላ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያወራላችሁ። ያልወጣው አያወራም። በሕይወት ወጥቶ ዳግመኛ ውኃ አጠገብ የማይደርሰውም አያወራም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው በውኃ ሰጥሞ እንደሞተ ገምቷል። ሐይቅና ወንዝ በሞላበት አገር ልጆቻችንን ዋና የማናስተምረው እኛ፣ ከእነዚህ ውስጥ ድርሻ አለን።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፣ አሥረኛ ክፍል። እሷም ይህንን ታነብ ይሆናል። በእጅ መቆም እየተማርን ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ፣ 4 ፍራሽ። ይቺ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ወደ ኋላ ትሰለፋለች። እንደገና ሲደርስ ጫማዋን ታስራለች። ሴቶቹ ልጆች ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ከሕፃንነታቸው «አትውጪ፣ ትወድቂያለሽ» እየተባሉ ነው ያደጉት። ወንዱን «አትፍራ» ሴቷን «ፍሪ» እያልን ሁለቱንም ከገዛ ሰውነታቸው ጋር እናጣላቸዋለን። ጠርቼ «ምኑን ነው የምትፈሪው?» አልኳት። ይቺን ጥያቄ ብዙ ሰው ተጠይቋት አያውቅም። መጀመሪያ «እንጃ» አለችኝ። ቆይታ «ወደ ኋላ ተገልብጬ አንገቴ ቢሰበርስ?» አለች።

አያችሁ? ፍርሃቷ ልክ ነው። በእጅ መቆም ላይ የሚያሰጋው ነገር እሱ ነው፤ ልጅቷ ሳታውቀው የመምህሩን መጽሐፍ ነው ያነበነበችልኝ። ስለዚህ በእጅ መቆሙን ተውነውና መውደቅ አስተማርኳት። አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ ጀርባን አጉብጦ መንከባለል። ሚዛን ሲስት አንዱን እጅ አንስቶ ወደ ጎን በእግር መውረድ። ጁዶ የተማራችሁ ይሄ አዲስ አይሆንባችሁም፤ ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ከመሠረተው ጀምሮ ጁዶ የሚጀመረው አወዳደቅን በመማር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይቺ ልጅ የወደቀችው መውደቅ ክፍሉ ሁሉ ተደምሮ አይወድቀውም። ከዚያ ግድግዳ አስደግፈን ጀመርን። ከዚያ ሁለት ጓደኞቿ እግሯን ይዘውላት። ከዚያ አንዷ ብቻ። ሳትለቂኝ ብላ ለመነቻት፤ እኔም አያያዧን ጓደኛዋን «እሷ ልቀቂኝ እስክትል ድረስ እንዳትለቂያት» አልኳት። ዘዴ አውቃለሁ ብሎ ሳይናገር የሚለቅ አስተማሪ አለ። ልጁ ቆሞ ይገኛል፣ ይጨበጨባል። ግን ከዚያ ቀን በኋላ «ይዤሃለሁ» ሲለው አያምነውም። ገመድ ማለት እኮ በሌላ አነጋገር እምነት ነው፤ ሊይዝህ ቃል የገባ ሰው።

በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ ረሳሁት፣ ራሷ «ልቀቂኝ» አለች። ሦስት ሰከንድ ቆመች መሰለኝ። ወደቀች፤ በደንብ፣ እንደተማረችው፣ አገጯን ሰብስባ። ተነስታ ሳቀች። በተርሙ መጨረሻ ሌሎቹን የምትይዘው እሷ ነበረች።

አንድ ነገር ላክል። ፍርሃት በዚህ መንገድ ሲሸነፍ አይጠፋም፤ ከላዩ ላይ ሌላ ትምህርት ይነጠፍበታል እንጂ። ለዚህ ነው መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንደ ዓሣ የሚዋኝ ሰው ላንጋኖ ሲሄድ ድንገት ልቡ የሚርደው፤ ወይም ለዓመት ቆይቶ ሲመለስ እንደ አዲስ የሚፈራው። ተመልሶ መጣ ብላችሁ አትደንግጡ። ጥንቸሏን ትንሽ አርቃችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ሁለተኛው ጊዜ ይፈጥናል። ልብ ሲመታም ትንፋሽን ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን አስረዝሙት፤ አራት ቆጥሮ ስቦ ስድስት ቆጥሮ መልቀቅ። ልብን በእጅ መያዝ አይቻልም፣ በትንፋሽ ግን ይታዘዛል።

ለልጁ ያልኩት እንግዲህ ይሄን ነው። መጀመሪያ መታሰሪያ፣ ከዚያ ፍርሃት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ሳይሆን ትከሻና ጭን የሚይዝ ሙሉ የደህንነት ቀበቶ፤ ገመዱ አጭር፤ የሚታሰረው ደግሞ ከሕንፃው ከራሱ፣ ከኮለን ወይም ከጠንካራ ብረት፣ በተቻለ መጠን ከራስ በላይ። ከባሕር ዛፉ ጋር ከታሰርክ አብረኸው ነው የምትወርደው። ይሄ ሲሟላ አንድ ቀን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ታስረህ ሥራ፤ ቀበቶው ላይ ክብደትህን ጥለህ እንደሚይዝህ ሰውነትህ ይየው። ከዚያ ሦስተኛ። እግርህ ቢንቀጠቀጥ ተወው ይንቀጥቀጥ፤ ዓይንህ ብሩሹ ላይ ይሁን።

«ባይሰጡኝስ?» አለኝ። ይሄ ነው ከባዱ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያስገድዳል። ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ ዝም ካለ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችልም ተጽፏል። ይሄን ነገርኩት። ግን ሕጉን መንገር ለእኔ ቀላል ነው፣ እኔ የቤት ኪራዬን ከፍያለሁ። እሱ ዛሬ ካልወጣ ዛሬ አይከፈለውም፤ በር ላይ ደግሞ የእሱን ቦታ የሚጠብቁ አሥር ልጆች ቆመዋል። አንድ ሰው ምሳውን ለማግኘት ሲል ውሻውን ዝም እንዲያሰኝ ሲገደድ፣ እሱን «ደፋር» ብለን ማመስገን ለእኔ ነውር ነው። ፈሪስ ካለ፣ የሁለት ቀን ወጪ ፈርቶ ቀበቶ ያልገዛው ሰውዬ ነው።

ስለዚህ ቀሪውን ለእሱ አልጽፍም። ከተማሪዎቼ መካከል ዛሬ ሳይት ኢንጂነር፣ ፎርማን፣ ኮንትራክተር የሆናችሁ ብዙ ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንደውም ያኔ ፍራሹ ላይ ጓደኞቻችሁን የያዛችሁ ናችሁ። አንድ የቀን ሠራተኛ መጥቶ «ፈራሁ» ሲላችሁ አትሳቁ፤ «ምኑን?» በሉትና አብራችሁት ውጡ። የሚያሳያችሁን ጣውላ ርገጡት፣ ነቅንቁት። ብዙ ጊዜ ሌላው የለመደውን ልልና የበሰበሰ ነገር የሚያየው አዲሱ ልጅ ነው፤ ገና አልለመደማ! ካቦዎቻችሁንም ሰብስባችሁ «ወንድ አይደለህም እንዴ» የምትለዋን ነገር ከሳይታችሁ አስወጡልኝ።

ታወር ላይ የምትሠሩት ልጆች ደግሞ ሥራ አለኝ ለእናንተ። ሙሉ ቀበቶ እንዴት እንደሚለበስ፣ መቆለፊያው እንዴት እንደሚፈተሽ፣ የት እንደሚታሰርና የት እንደማይታሰር የሚያሳይ የሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ላኩልኝ። በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛም ቢኖር ደስ ይለኛል። እዚሁ ገጽ ላይ እለጥፈዋለሁ። ትርፍ ቀበቶ ያለውም ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ የሚፈልግ ልጅ አለ።